ከየት ጀምሮ ተጫነ

ጥቅምት 8

ይህን እስክሪብቶ የያዘችው ከግድግዳዬ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። ቃሉ የኔ፣ እጁ የሷ። ፊደሉ ከተንጋደደ እሷን ውቀስ፤ ነገሩ የተንጋደደ ከመሰለህ ግን አልተንጋደደም፣ አንተ ነህ ያልገባህ። «ይህንንም ልጻፈው ጋሼ?» ትለኛለች። ጻፊው እንጂ! ከአፌ የወጣውን ሁሉ ጻፊ፣ አትምረጪልኝ።

ይድረስ ለልጄ ለሚስማር። እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤም ደህና ነው። ስለ ሥራ ጠይቀሃል፤ ሥራ ሥራ ነው፣ መጋዘኑም በቦታው ቆሟል። ሌላ ምን ልበልህ።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። አንዲት ወረቀት ናት፣ ሰፊዋ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰቻት። ስታነብ «ዋናው» ባለች ቁጥር አንድ የክብሪት እንጨት ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ዋናው መሐንዲስ እንዲህ አሉ፣ ዋናው ምሳ አብረውኝ በሉ፣ ዋናው የራሳቸውን ካቻቢቴ ሰጡኝ። ስትጨርስ ሰባት እንጨት ሆነ። «አባባ» ስትል ደግሞ በወዲህ በኩል አኖርኩ። ሁለት። አንዱ ሰላምታው ላይ፣ አንዱ ስንብቱ ላይ። ምንም ማለቴ አይደለም፤ ቆጠርኩ ብቻ።

ካቻቢቴ ጥሩ ነው። እኔ የሰጠሁህ መንጠቆስ የት ገባ? ሃያ ዓመት ጆንያ የጎተትኩበት፣ እጀታው መዳፌን የለመደ መንጠቆ ነው። ዋናው እንዲህ ያለ ነገር አለው? ይኑረው፣ እኔ ምን ቸገረኝ።

ስለ ውሃው ጋን የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። የከተማው የውሃ ጋን ላይ ያለው አሮጌ መለኪያ የውሃውን ከፍታ በሽቦ ይልካል፣ ቢሯችሁ ያለው አዲስ ኮምፒውተር ይቀበላል። እሺ። ኮምፒውተር ቁጥር የሚያኖረው ባይት በምትባል ትንሽ ሳጥን ነው፤ ቁጥሩ ለአንዷ ሳጥን ከበዛ ለሁለት ይከፈላል፣ ትልቁ ክፍል በአንዷ፣ ትንሹ በሌላዋ። ይኼም ገባኝ። ሰፊዋ ሳትረዳ እኔ ተረዳሁ፣ ጻፊው። መለኪያው አንድ ሜትር ብሎ የላከውን የናንተው ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ሜትር ብሎ አነበበ፤ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፣ ሰው ሁሉ ወደ ጋኑ ተሯሯጠ፣ ሲደርሱ ውሃው ከሰው ወገብ ብዙም አያልፍ። እዚህ ጋ ስስቅ ሰፊዋ ደንግጣ መርፌዋን ጣለች። እስካሁን እየፈለገች ነው።

ከዚያ ትጠይቀኛለህ። ሽቦው ደህና፣ መለኪያው ደህና፣ ኮምፒውተሩ ደህና፤ ታዲያ ጥፋቱ የቱ ጋ ነው? ደግሞስ ያን ጊዜ ወፍጮውን ስታጓጉዙ የሆነው ነገር ምን ነበር? ዋናውን ለምን አልጠየቅከውም? እሺ፣ የጠየቅከው እኔን ነውና ልመልስ።

ወፍጮው ስድስት ቦታ ተፈታ። ያስጫንኩት እኔ ነኝ። ከባዱ የመቀመጫ ብረት መጀመሪያ ገባ፣ ከሹፌሩ ጀርባ። ከሱ ቀጥሎ ድንጋዮቹ። እንዲህ እንዲህ እያለ መጨረሻ ላይ በሩ አጠገብ የገባው እህል የሚፈስበት ቆርቆሮ ነው። ማዶ ሆኖ የሚያራግፈው ጓደኛዬ አጭሩ ነበር፤ አጭሩ ጉልበት እንጂ ወፍጮ በቅርብ አይቶ አያውቅም። «ስድስት ናቸው፣ ከአንደኛው ጀምረህ ትከል» ብዬ በሹፌሩ አፍ ላክሁበት። ለኔ አንደኛው ማለት መጀመሪያ የጫንኩት ነው። ለአጭሩ አንደኛው ማለት መጀመሪያ ያወረደው ነው። ስደርስ ቆርቆሮውን መሬት ላይ ተክሎ፣ የመቀመጫውን ብረት በስምንት ሰው አሸክሞ ላዩ ላይ ሊያወጣው ይታገላል። ካየኝ በኋላ «አንተ ሰውዬ፣ ይኼ ወፍጮ ነው ወይስ እንጉዳይ?» አለኝ። አንድ ዕቃ አልጎደለም፣ አንድ ዕቃ አልተሰበረም። ወፍጮ ግን አልነበረም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ነው «ምን ተጫነ ከማለትህ በፊት ከየት ጀምሮ ተጫነ በል» የምለው። ከዚያን ቀን ወዲህ ነው ሣጥኑን ሁሉ በጠመኔ የምጭረው፤ ለአንደኛው አንድ ጭረት፣ ለሁለተኛው ሁለት። መሃይም ነው ብለው የሚስቁ አልጠፉም። ጭረቴ ግን ተሳስቶ አያውቅም።

እንግዲህ የናንተ አሮጌው ከትልቁ ጀምሮ ይጭን ይሆናል፣ አዲሱ ከትንሹ የጀመረለት መስሎት ያወርዳል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ አልተነጋገሩም እንጂ። ይህን ለዋናው ንገረው። ከማን እንደሰማኸው ጨምረህ ንገረው።

በቃ፣ አንብቢልኝ። የክብሪቱን ነገር እንዳትዘልዪው።


ኅዳር 21
(ያልተላከ)

እስክሪብቶ የያዘችው ያችው ሰፊ ናት። ዛሬ አንድም ቃል እንዳትለሰልስ አስምያታለሁ።

አራት ወረቀት ላክህ። ፖስታው ወፍሮ ሳየው ልቤ ፈነጠዘ፤ ልጄ ብዙ የሚነግረኝ አለ አልኩ። ሰፊዋ ከፖስታው አወጣችና ከላይ ጀምራ እስከ ታች አነበበች። ባልሰማው ይሻለኝ ነበር።

መጀመሪያ ነገር ሰላምታ የለም። በቀጥታ ዋናው! ዋናው ፀጉራቸው ሸብቷል፣ ዋናው ምሳ ሰዓት ከጎናቸው ወንበር ይይዙልኛል፣ ዋናው ሦስት ዓመት እንድፈርም ይፈልጋሉ፣ መልስ እስከ ጥር አንድ ብለውኛል፣ የእርስዎን ቃል እጠብቃለሁ። የኔ ሰላምታ የመጣው መጨረሻው ወረቀት ላይ ነው። ሰፊዋ «የዛሬ ልጆች እንዲህ ነው የሚጽፉት ጋሼ፣ ሰላምታ ወደ ኋላ ሆኗል» ትለኛለች። ከመቼ ወዲህ? ሰው ቤት ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ተጫውቶ፣ ሊወጣ በሩ ላይ ሲደርስ ነው እንዴ እንደምን ዋላችሁ የሚለው?

ሁለተኛው ወረቀት ላይ ሰፊዋ ድምጿ ቀነሰ። ድገሚው አልኳት። ደገመችው። «በሥራ አባቴ እሳቸው ናቸው። ፊት ለፊት አመስግኛቸው አላውቅም። ከእሳቸው የሚበልጥ ሠራተኛ እስካሁን አላየሁም።» በሥራ አባት! እኔስ የምን አባት ነኝ? የእረፍት ቀን አባት? በአምስት ዓመትህ ጆንያ ላይ አስቀምጬ ክብደት በዓይን መገመት ያስተማረህ ማነው? ያ ሽበታም ያኔ የት ነበር?

ሦስተኛው ግን ጨርሶ አቃጠለኝ። ወፍጮው! ስድስት ቦታ የተፈታው ወፍጮ፣ ቆርቆሮው፣ ስምንቱ ሰው። «ያስጫኑት ሰው ዛሬም ምን ተጫነ ከማለትህ በፊት ከየት ጀምሮ ተጫነ በል ይላሉ» ብለህ ቃሌን አንዲት ሳትቀር አስቀምጠሃል። በጥቅምት የኔ የነበረው ወፍጮ በኅዳር የሱ ሆነ? ጆንያ ሰርቀውኝ ያውቃሉ፣ ገመድ ሰርቀውኝ ያውቃሉ። ወፍጮ ከነታሪኩ ሲሰርቁኝ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሌባው ሰረቀ፣ እሺ። ልጄ ደግሞ የተሰረቀውን ዕቃ ተሸክሞ ለባለቤቱ ያሳያል?

አራተኛው ላይ ነው ሰላምታህ። መንጠቆዬ ከጠረጴዛህ በላይ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል አሉ። የሱ ካቻቢቴ እጅህ ላይ፣ የኔ መንጠቆ ግድግዳ ላይ። የሞተ ሰው ፎቶ ነው የሚሰቀለው። ከዚያ ማሽኑ ከተስተካከለ በኋላ ሁሉም ተሰብስበው «ከማን ተማርከው?» አሉኝ ትላለህ፤ «ቆሜ እንዲህ አልኳቸው» ትላለህ፤ ያልቃል። የወረቀቱ እኩሌታ ባዶ ነው። ምን አልካቸው? ሰፊዋ «ፖስታ ቤቱ ሊዘጋበት ሆኖ ይሆናል» አለች። እኔ ግን ገብቶኛል። ያልከውን ለኔ መጻፍ አፍረህ ነው።

አንብቢልኝ።

. . .

ተይ፣ አይላክም። ሳዳምጠው እንደ ተጣላች ምራት ነው የምናገረው። አትቅደጂው፣ መሳቢያሽ ውስጥ አድርጊው። ሌላ አጭር ጻፊ።


ኅዳር 21

ጽሕፈቱ የሰፊዋ ነው።

ልጄ ሆይ፣ ደብዳቤህ ደርሷል። አራት ወረቀት ነው፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ። የወፍጮውንም ነገር ሰምቻለሁ። የኔ ነገር እንዲህ በሰው መሃል ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ስለ ፊርማው አስቤበት እመልሳለሁ። እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራም ሥራ ነው።

አንብቢልኝ። አዎ፣ ይኼ ይበቃዋል።


ታኅሣሥ 9

ይድረስ ለአባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ለእትዬም ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፤ መርፌዋን አገኘች?

አጭሯ ደብዳቤዎ ደርሳኛለች። ደጋግሜ አነበብኳት። በሰው ፊት በመናገሬ ካዘኑብኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሳላስፈቅድዎ ነው የተናገርኩት። የተናገርኩትን ግን አልመልሰውም፤ እውነት ስለሆነ። ዋናው ከሰሙት ቀን ጀምሮ ወፍጮውን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይተርኩታል፤ ሰው ይስቃል፣ ከዚያ ያስባል።

የጋኑን ነገር ጨርሰናል። ነገሩ የቆየ ጥፋት ነው፤ ጋኑ ለእድሳት ባዶ በነበረባቸው ወራት ማንም ያላወቀው፣ ዜሮ ከየትም ጀምሮ ቢያነቡት ዜሮ ስለሆነ ነው። አሁን ሕግ አውጥተናል። እያንዳንዱ ማሽን በቤቱ እንደ ልማዱ ያስቀምጥ፤ አንዱ ትልቁን ክፍል ያስቀድም፣ ሌላው ትንሹን። ሽቦው ላይ ሲወጣ ግን ሁልጊዜ ትልቁ ይቅደም፣ ተቀባዩም በራሱ በር ላይ ያዙረው። በሩ ላይ ቆማ የምታዞረውን ትንሽ ፕሮግራም የጻፍኳት እኔ ነኝ። በእርስዎ ቋንቋ፣ ጠመኔ ያዥ ናት።

አባባ፣ ጥር አንድ ቀርቧል። ና ካሉኝ እመጣለሁ፣ ቆይ ካሉኝ እቆያለሁ። ሁልጊዜ «ደህና ነኝ፣ ሥራ ሥራ ነው» ብቻ ይሉኛል። ከዚህች ቃል በላይ ምንም አላውቅም።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 19

ይህን የሚጽፈው ጥጉ ላይ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰፊዋ አልጽፍም ብላለች። «ነገ የምትጸጸትበትን ዛሬ በእጄ አታስጽፈኝ» አለችኝ። እጅ የላትም ማለት ነው? ሞልቷል እጅ።

ይቅርታ ጠይቀህ አልመልሰውም አልክ። እንዲህ ያለ ይቅርታ ሰምቼ አላውቅም። ሰው እግርህን ረግጦ ይቅርታ ይልህና እግሩን አያነሳም? ዋናውም ወፍጮውን ለመጣ ሁሉ ይተርካል አልከኝ። ይተርክ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው፤ አጭሩ የሚያነክሰው በየትኛው እግሩ ነበር? አያውቅም። በግራው ነው።

ቃሌን ጠብቀሃል፣ ይኸው ቃሌ። ፈርም። ሦስት ዓመት ካነሰው ስድስት ፈርም። አባት ከተገኘ ቤትም እዚያው ነው። መንጠቆዬን ግን መልስልኝ። ግድግዳ አይቸግርህም፣ ሌላ ነገር ስቀልበት።

ስለ እኔ ደግሞ አትጠይቀኝ። ደህና ነኝ ካልኩ ደህና ነኝ።

አንብብልኝ። ቀስ በል እንጂ፣ ጢም እየላጨህ ነው እንዴ? . . . ልክ ነው። ዝጋው።


ታኅሣሥ 23

እስክሪብቶ የያዘችው ሰፊዋ ናት። ለምኛት ነው። ለማንበብ እንጂ ለመጻፍ እምቢ ብላ፣ ሁለት ቀን በሯ ላይ ቆሜ ለመንኳት፣ ጻፊው። «ይህንንም?» ትላለች። ይህንንማ በተለይ።

ልጄ ሚስማሬ፣ እንደምን ነህ? ሰላምታዬ እንደምታየው ፊት ላይ ነው። ለምን እንዲህ እንደምልህ አሁን ይገባሃል።

ፀጉር አስተካካዩ የጻፈውን ፖስታ ከሰጠሁ በማግስቱ እነዚያን አራት ወረቀቶችህን ልቀድ አወጣሁ። መስኮቱ ስር ተቀምጬ አንዱን ያዝኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ማንበብ አልችልም፣ ግን ያንተ እጅ ያረፈበት ነው። ዝም ብዬ በጣቴ ዳሰስኩት። አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ እስክሪብቶ የምትይዘው እንደ አካፋ ነው፣ ተጭነህ ነው የምትጽፈው። ጣቴ ላይ ጽሑፉ ይቆጠራል።

እኩሌታው ባዶ የሆነውን፣ ሰላምታው ያለበትን ወረቀት ስዳስስ፣ ባዶው ቦታ ባዶ አልነበረም። ቀለም በሌለበት ቦታ ላይ ጽሑፍ ዳሰስኩ። አንድ ሰው ላዩ ላይ ሌላ ወረቀት አድርጎ የጻፈበት ጉድጓድ ነው። ሌላውን ዳሰስኩ፤ እሱም ከራሱ ቀለም ውጪ ጉድጓድ አለው፣ ግን ያነሰ። ሦስተኛው ከዚያም ያነሰ። ያ ዋናው ያለበት፣ ሰፊዋ መጀመሪያ ያነበበችው፣ ምንም የለበትም። ከራሱ በቀር የማንንም ሸክም አልተሸከመም።

አርባ ዓመት ጫኝ ነኝ። ከላይ ያለው ቀሊል ነው፣ ከታች ያለው የሁሉን ክብደት ይሸከማል። መጀመሪያ የተጫነው ነው ከታች የሚውለው። ይህን ለማወቅ ፊደል አያስፈልግም።

ግድግዳውን ደበደብኩ። ሰፊዋ «ደግሞ ምን ሆንክ?» ብላ እንደተኮሳተረች መጣች። «ይህን ልጅ ከጭራው ነው ያነበብሽው» አልኳት። «እኔ? ከላይ ነው የጀመርኩት!» «እሱማ ነው ጥፋቱ። እሱ እየጻፈ አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ ነው የጫነው፤ አንቺ ከበሩ በኩል አወረድሽው።» አላመነችኝም። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዘንብላ በብርሃን አየችው፤ ባዶው ቦታ ላይ «ወፍጮ» የሚል ቃል ያለ ቀለም አነበበች። ከዚያ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ እያለች የምትኩራራዋ ሴት ወረቀቶቹን ራሷ ገለበጠቻቸው።

ታስታውሳለህ፣ ያ በጥቅምት የላክኸው አንዲት ወረቀት ነበር። አንድ ወረቀት ደግሞ እንደ ጋንህ ዜሮ ነው፤ ከየትም ጀምረህ ብታነበው አንድ ነው። ጥፋታችን የታወቀው አራት ሲሆን ነው።

ከታች ጀምራ እንደገና አነበበችልኝ። መጀመሪያ ሰላምታው። መንጠቆውን ሰው ሁሉ እንዲያየው ከጠረጴዛህ በላይ መስቀልህ። ከዚያ ከማን ተማርከው ሲሉህ ቆመህ «እንዲህ አልኳቸው»፤ ለወፍጮው ንጹህ ወረቀት ስለወሰድክ ነው እኩሌታው ባዶ የቀረው፤ ቀጥሎ ሁለተኛው ወረቀት፣ «አንድ ወፍጮ ነበር፣ ስድስት ቦታ የተፈታ»፤ «ያስጫኑት ሰው ዛሬም እንዲህ ይላሉ»፤ ቀጥሎ ሦስተኛው፣ «በሥራ አባቴ እሳቸው ናቸው፣ ፊት ለፊት አመስግኛቸው አላውቅም።» ዋናው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ነው፣ ከነሽበቱ ከነወንበሩ።

አንድ ቃል አልጎደለም፣ አንድ ቃል አልተሰበረም። እኔ ግን ቆርቆሮውን መሬት ላይ ተክዬ ብረቱን ላዩ ላይ ላወጣ አንድ ወር ስታገል ከረምኩ። አጭሩ በሕይወት ቢኖር «ይኼ ልጅህ ነው ወይስ እንጉዳይ?» ይለኝ ነበር።

በአንድ ሰው ቀናሁ። ያ ሰው እኔው ራሴ ነበርኩ። ሰፊዋ እየሳቀች ነው የምትጽፈው፤ ፊደሉ ከተንጋደደ በዚህ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ አሁንም ትንሽ እቀናለሁ። ዋናው በየቀኑ ምሳ ላይ ፊትህን ያያል። ይኼን በየትኛው በኩል ባነበው አይለወጥም።

አሁን የደበቅኩህን ልንገርህ። መጋዘኑ በቦታው ቆሟል ያልኩህ እውነት ነው፤ እኔ ግን የለሁበትም። ሹካ ያላት ማንሻ መኪና አስገቡ፣ ስድስት ሰው የሚያነሳውን እሷ በአንድ እስትንፋስ ታነሳለች። «ክሬኑ» ይሉኝ ነበር፣ አውቀሃል፤ እውነተኛው ክሬን መጣ። በነሐሴ ላሳያቸው ብዬ ብቻዬን አንድ ሣጥን አነሳሁ፤ ወገቤ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ቤት ነኝ። ጠዋት ጫማዬን የምታስርልኝ ሰፊዋ ናት። ይህን እንዳላስጽፍ በዓይኗ ስትገላምጠኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ አቀርቅራ ትጽፋለች። ደህና ነኝ ስልህ የነበረው በዚህ ላይ ደርቤ ነው።

እንግዲህ ዋናው ነገር። ፀጉር አስተካካዩ የጻፈው ደብዳቤ መንገድ ላይ ነው። ላስመልሰው ፖስታ ቤት ሄጄ ነበር፣ በሰፊዋ ትከሻ ተደግፌ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት «ከረጢቱ ሄዷል አባቴ፣ የሄደ አይመለስም» አለችኝ። ስለዚህ ይህን በፖስታ አልላክም። ድሮ ጭነት የምጭንለት ሹፌር ነገ ማለዳ ወደናንተ ይነሳል፣ በእጁ ይሰጥሃል። ያኛው ይቅደም ይህኛው ይቅደም አላውቅም። ሁለቱ ማሽኖችህ ሽቦ ላይ ትልቁ ይቅደም ብለው ተስማምተዋል፤ እኔና አንተም እንስማማ። በየትኛውም ቀን ይድረስህ፣ ከዚህኛው ጀምር። ያኛው ቀድሞ ደርሶ አንብበኸው ከሆነ፣ በርህ ላይ አዙረው፤ ያችን ጠመኔ ያዥህን ጥራት።

ሰፊዋ በመቀሷ የወረቀቱን ጠርዝ እንደ ጠመኔዬ ጭረት ቆረጥ ታደርግልኛለች። የመጀመሪያው ወረቀት አንድ ቁርጥ፣ ቀጣዩ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። በኅዳር ያልላክሁትንም ከመሳቢያዋ አውጥታ አስገብታዋለች፣ እሱ አራት ቁርጥ አለው። መጨረሻ አንብበው፣ ሳቅበት። አንተም ከእንግዲህ ስትጽፍልኝ ጠርዙን ቁረጥ። መሃይም ነው ብለው ከሳቁብህ ይሳቁ።

ፊርማውን በሚመለከት፣ ፈርም ያልኩህ የኔ ቃል አይደለም፣ የቅናቴ ነው። የኔ ቃል ይኸው፣ አንድ ወረቀት አይሞላም፣ ከየትም ጀምረህ ብታነበው አንድ ነው። ና። ለሁልጊዜ ባይሆን ለአንድ ወር ና፤ ዋናው ጥር አንድ ያለውን ቀን ይግፋልህ። ከዚያ ወዲያ ብትመለስና ብትፈርም እኔ ራሴ ዕቃህን እጭንልሃለሁ። በአፌ እጭናለሁ፣ አንተ ታነሳለህ። ለዋናው ደግሞ ወፍጮውን ይተርክ በለው፣ ፈቅጃለሁ። የአጭሩን ግራ እግር ግን አይርሳ።

መንጠቆው እዚያው ይሰቀል።

አሁን አንብቢልኝ፣ እህቴ። አይ፣ ያንን አይደለም። አንድ ቁርጥ ያለውን አንሺ፣ ከሱ ጀምሪ።